ሲዲውን ገዝቻለሁ፣ ቲያትር ቤቱም ላይሰንስ አለው፤ ሌላ ፈቃድ ያስፈልገኛል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ታሪክ ያለው፣ የአንድ ሰዓት ባሌት እየሠራሁ ነው። ሙዚቃውን የወሰድኩት ከ1940ዎቹና ከ50ዎቹ የሆሊውድ ፊልሞች ነው። ሲዲዎቹን በገንዘቤ ገዝቻለሁ። የቲያትር ቤቱ ሥራ አስኪያጅ «የአስካፕና የቢኤምአይ ላይሰንስ አለን፣ አታስቢ» ብሎኛል። ለዳንሰኞቼ እከፍላለሁ፤ የሚተርፈው ገቢ ለተማሪዎች መርጃ ይውላል። ሌላ ፈቃድ ያስፈልገኛል?

መልስ፦ አዎ፣ ያስፈልግዎታል። ልምምዱ ሳይገፋ ቢጠይቁ ይሻላል።

ሥራ አስኪያጁ አልዋሸዎትም። ላይሰንሱ አለ፤ ግን የእርስዎን ሥራ አይሸፍንም። አስካፕና ቢኤምአይ በደራሲዎችና በአሳታሚዎች ስም ሙዚቃ በአደባባይ እንዲሰማ ፈቃድ የሚሰጡ የአሜሪካ ድርጅቶች ናቸው። የሚፈቅዱት ለኮንሰርት፣ ለምግብ ቤት፣ ተመልካች ገብቶ እስኪቀመጥ አዳራሹ ውስጥ ለሚለቀቅ ሙዚቃና ለመሳሰለው ነው። ሙዚቃው መድረክ ላይ ታሪክ መተረክ ሲጀምር ጉዳዩ ሌላ ነው። በሙያው «ግራንድ ራይትስ» ይሉታል። ይህን መብት ባለቤቱ ለራሱ ስለሚያስቀር ከሙዚቃ አሳታሚው በቀጥታ ነው የሚጠየቀው። ታሪክ የሌለው ዳንስ ቢሆን ትንሽ የሚያከራክር ነገር ነበረው። የእርስዎ ግን ገጸ ባሕርያት ያሉት ባሌት ነው።

ባለቤቱ ማን ነው? ብዙ ሰው የሙዚቃው ደራሲ ቤተሰብ ይመስለዋል። በዚያ ዘመን ግን የሆሊውድ ደራሲዎች አብዛኞቹ የሚጽፉት በስቱዲዮ ተቀጥረው ነበር። ስለዚህ መብቱ ብዙውን ጊዜ ያለው በስቱዲዮው ወይም ከስቱዲዮው በገዛው አሳታሚ እጅ ነው። ደራሲው ከሞተ ስንት ዓመት ሆነው የሚለውም እዚህ አይጠቅምዎትም። ቆጠራው ሥራው ከታተመበት ጀምሮ 95 ዓመት ነው። በ2025 መግቢያ ነፃ የወጡት ገና የ1929 ሥራዎች ናቸው። በ1948 የታተመ ሥራ፣ መብቱ በጊዜው ታድሶ ከሆነ፣ እስከ 2043 መጨረሻ ይጠበቃል። «30 ሰከንድ ነፃ ነው» የሚባለውን ደግሞ እባክዎ አይመኑ፤ እንዲህ የሚል ሕግ የለም።

ወደ ሲዲው እንምጣ። ሙዚቃው አንድ መብት ነው፣ ቀረጻው ሌላ። እዚህ ላይ የአሜሪካ ሕግ ለእርስዎ ያደላል። ቀረጻውን አዳራሽ ውስጥ ለተመልካች ለማሰማት ሲዲውን ያወጣው የሙዚቃ ኩባንያ ፈቃድ አያስፈልግም፤ ሕጉ ለቀረጻ ባለቤት የሰጠው የማሰማት መብት በዲጂታል ስርጭት ብቻ የተወሰነ ነው። ነገር ግን ትራኮቹን ቆራርጠው፣ ቀጣጥለው ለመድረክ የሚሆን አዲስ ፋይል ካዘጋጁ ያ መቅዳት ነው። ያኔ ኩባንያውንም መጠየቅ ይኖርብዎታል። ባሌት ላይ ደግሞ ሳይቆርጡ መሥራት ይከብዳል።

የበጎ አድራጎቱ ሐሳብ ደስ ይላል። ሕጉም ለእንዲህ ያለ ዝግጅት የከፈተው በር አለው፤ ለተጫዋቾች ክፍያ ካለ ግን በሩ ይዘጋል። ለዳንሰኞችዎ መክፈልዎን እንዳይተዉ። ላባቸው ነው።

አሁን ምን ያድርጉ? በአስካፕና በቢኤምአይ ድረ ገጽ የሙዚቃውን ርዕስ ሲፈልጉ የአሳታሚው ስም ይወጣል። ለእሱ ይጻፉ፦ ከየትኛው ሙዚቃ ስንት ደቂቃ እንደሚወስዱ፣ ስንት ጊዜ እንደሚታይ፣ አዳራሹ ስንት ሰው እንደሚይዝ፣ ትኬቱ ስንት እንደሆነ፣ ሙዚቃው በኦርኬስትራ ይሁን በቀረጻ፣ የሚቆርጡት ካለም የትኛውን። የተወሰነ ዋጋ የለም፤ ባለቤቱ ጭራሽ አልፈቅድም ማለትም ይችላል። ሳይጠይቁ ቢገቡ ፍርድ ቤት ለእያንዳንዱ ሥራ ከ750 እስከ 30,000 ዶላር ሊወስን ይችላል። ሆን ተብሎ የተደረገ ከሆነ እስከ 150,000 ይደርሳል። ሦስት ፊልም ማለት ሦስት ሥራ ነው።

አይሆንም ቢሉዎት ታሪኩን አይጣሉት። እንግሊዛዊው የዳንስ አዘጋጅ ማቲው ቦርን የ1948ቱን ፊልም «ዘ ሬድ ሹስ» በ2016 ወደ መድረክ ሲያመጣው የፊልሙን ሙዚቃ ትቶ የሆሊውዱ የሙዚቃ ደራሲ በርናርድ ኸርማን ለሌሎች ፊልሞች በጻፈው ሙዚቃ ነው የሠራው። ተመልካች ወዶታል።

ቪዲዮ ቀርጸው ዩቲዩብ ላይ የመጫን ሐሳብ ካለዎት ይህንንም ከአሁኑ ደብዳቤው ላይ ይጻፉት። ለመድረክ የተሰጠ ፈቃድ ለቪዲዮ አያገለግልም፤ በቪዲዮው ላይ የሙዚቃ ኩባንያውም ይጠየቃል።