በወረቀት ያስቃል፣ በአፍ አያስቅም

ጥያቄ፦ አንድ ባልደረባዬ ‹‹ሪፖርቱ አለቀ ወይ?›› ሲል በስልክ መልእክት ጠየቀኝ፤ እኔም ‹‹ገና ነው›› ብዬ ጻፍኩለት። ወዲያው ‹‹እንኳን አደረሰህ!›› የሚል መልስ ላከልኝ። መልእክቱን ያነበበ ሁሉ ሳቀ፤ ለቤተሰቤ በቃል ሳወራው ግን ፈገግ ያለ ሰው የለም። ምክንያቱ ምን ይሆን?

መልስ፦ የእርስዎ አወራር ጥፋት የለበትም። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ‹‹ገና›› ላልቶ ሲነበብ ያላለቀ ነገርን፣ ጠብቆ ሲነበብ የልደትን በዓል ያመለክታል፤ አንባቢ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማየት ሲችል፣ ተናጋሪ ግን ቃሉን ከአፉ ሲያወጣ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። ‹‹ዋና›› እና ‹‹አለ›› የሚሉትም ቃላት እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ ይህን ቀልድ ከማውራት ስልኩን ማሳየት ይሻላል። (የሚጠብቀው ፊደል ሁሉ ምልክት ይደረግበት የሚሉ ወገኖች አሉ፤ ለቋንቋ ተማሪ በእርግጥ ይጠቅማል፣ ለቀልደኛ ግን ኪሳራ ነው።)

ተቃራኒውም አለ። አንድ ሰው ‹‹ጨረቃ ሠረቀች፤ ማን ይመሰክርባታል?›› ቢል ሰሚው መውጣቷንም ሌብነቷንም ይሰማል፤ በጽሑፍ ሲሆን ግን የግእዙን ሥርዓት የሚጠብቅ ጸሐፊ ለመውጣት ንጉሡን ‹‹ሠ››፣ ለሌብነት እሳቱን ‹‹ሰ›› ስለሚጠቀም ገና ሳይነበብ ምሥጢሩ ይወጣል።

ከሁሉም የሚረቀው ግን በቃላት ድንበር ላይ የሚሠራው ኅብር ነው። ሲባል የኖረውን ይህን የሕዝብ ግጥም ይመልከቱ፦

የምን ጥቅም ጠላ፣ የምን ጥቅም ጠጅ፤
ጠላት ሲሸኙ ቡና አድርገው እንጂ።

ሰሙ የመስተንግዶ ምክር ነው፤ ጠላትም ቢሆን ቡና ይቅረብለት ይላል። ወርቁ ‹‹ቡን አድርገው›› ሲሆን፣ እንደ ትቢያ በትነው ማለት ነው። በንግግር ‹‹ና›› እና ‹‹አ›› ስለሚዋዋጡ ሁለቱ አባባሎች አይለዩም፤ ጸሐፊው ግን ‹‹ቡና›› ብሎ ከጻፈ ወርቁን ይደብቃል፣ ‹‹ቡን›› ብሎ ከጻፈ ሰሙን ያጠፋል። እኔ ብሆን ‹‹ቡና›› ብዬ እጽፋለሁ፤ ወርቁን ፈልጎ ማውጣት የአንባቢው ፋንታ ነውና።