ስለ እርጥበት መጣጮች ጠይቁኝ

ክረምቱ ገብቷል፤ ከአዲስ ጫማ ካርቶን ስለምናገኛት ትንሽ ከረጢት ጥያቄው በዝቷል። የመጡልኝን እነሆ።

ጥ፦ ወንድሜ፣ ደሴ ነኝ። ቁም ሳጥኔ ውስጥ ጫማውም ልብሱም ይሻግታል። ያጠራቀምኳቸው ከረጢቶች ይበጁኛል?

መ፦ እህቴ፣ እንዲሁ ከጣልሻቸው አይበጁም። ውስጣቸው ያለው ሲሊካ ጄል ነው። ፍሬው በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው፤ እርጥበቱን እዚያ ውስጥ ይይዘዋል። መያዝ የሚችለው ግን ቢበዛ የክብደቱን ሲሶ ያህል ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር የጦሳ ተራራ ጉም ሲገባ ቶሎ ይጠግባል። ፀሐይ ብቅ ስትል ልብሱን በደንብ አድርቂ። ከዚያ ክዳኑ ግጥም በሚል የፕላስቲክ ሳጥን ከነከረጢቶቹ ዝጊበት። ዋናው ነገር መዝጋቱ ነው።

ጥ፦ የጠገበው ይጣላል?

መ፦ ኧረ አይጣልም! ፍሬውን ከከረጢቱ አውጥታችሁ በ120 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ለ1 ወይም ለ2 ሰዓት አድርቁት። ብርቱካንማው ዓይነት ሲጠግብ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል፤ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። ሰማያዊው ግን ኮባልት ክሎራይድ አለበት፤ ጎጂ ስለሆነ ቤት ውስጥ አታሙቁት።

ጥ፦ ልጅ ቢውጠውስ?

መ፦ ሲሊካ ጄል ራሱ መርዝ አይደለም፤ የሚያሰጋው ማነቁ ነው። አንዳንዱ ከረጢት ግን ውሃ ያልነካው ኖራ ይይዛል። እሱ ምራቅ ሲነካው ይግላል፣ አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል። ከረጢቱን ይዛችሁ ሐኪም ጋ ሩጡ።

ጥ፦ ከኮምቦልቻ በጅቡቲ በኩል ልብስ በኮንቴይነር እንልካለን። ኮንቴይነሩ ቀዳዳ የለውም፤ ካርቶኑ ግን ርሶ ይደርሳል። ውሃው ከየት መጣ?

መ፦ ከውስጥ ነዋ። ካርቶኑና የእንጨት ፓሌቱ ያዘሉት እርጥበት ቀን በሙቀቱ ይተናል። ሌሊት ጣሪያው ሲቀዘቅዝ ጠብታ ሆኖ ዕቃው ላይ ይዘንባል። እንግዲህ መጀመሪያ ፓሌቱ ይድረቅ፤ እርጥብ እንጨት እየጫኑ መጣጭ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ቀጥሎ ካልሲየም ክሎራይድ ያለበትን ከረጢት ግድግዳው ላይ ስቀሉ። ከራሱ ክብደት በላይ ውሃ ይጠጣል፤ ታዲያ እየሟሟ ፈሳሽ ይሆናል። ጨዋማ ውሃው ልብስ ያበላሻል፣ ብረትም ያዝጋል፤ ፈሳሹን አምቆ የሚይዘውን ዓይነት ምረጡ።

ጥ፦ ውሃ የገባበት ስልክ ሩዝ ውስጥ?

መ፦ ሩዙን ቀቅሉት። ስልኩን አጥፉ፣ ቻርጅ አታድርጉት፣ ነፋስ ያግኘው።

ጥ፦ ለዘር ይሆናል?

መ፦ ለጎመንና ለቲማቲም ዘር በጣም! የደረቀ ሲሊካ ጄልና ዘሩን በእኩል ክብደት፣ ሳይቀላቀሉ፣ አንድ ጠርሙስ ውስጥ ለሳምንት ያህል ዝጉባቸው። ከዚያ ዘሩን ለብቻው አሽጉት። በኩንታል ለሚቀመጥ እህል ግን በፀሐይ ማድረቅና አየር በማያስገባ ከረጢት ማሸግ ይሻላል።