ቁልቁለቱ ላይ ማረሻ አታስገባ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ የራሴ መሬት የዛሬ 6 ዓመት የነበረበት ሁኔታ ፊቴ ላይ መጣ። ቨርጂኒያ የገዛኸው 9 ኤከር ቁልቁለት ላይ በጎቹ ሣሩን ጨርሰውት፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ቀይ አፈሩ ወደ ጅረቱ እየወረደ ነው ብለሃል። «አርሼ እንደ አዲስ ልዝራ ወይስ ዲስትሪክቱ (የአካባቢው የአፈርና ውሃ ጥበቃ መሥሪያ ቤት) የሚያከራየውን ሳያርስ የሚዘራ ማሽን ልሞክር?» ላልከው፣ ማሽኑን ተከራይ።

እኔ አርሼ አይቼዋለሁ። ጎጃም ነው ያደግሁት፤ የጤፍ መሬት ስንቴ እንደሚታረስ እያየሁ ስላደግሁ አፈር ሳይገለበጥ ዘር ይበቅላል ቢሉኝ አልዋጥልህ አለኝ። በሴፕቴምበር አርሼ ዘራሁ። በሳምንቱ ዶፍ ወረደና ዘሩንም አፈሩንም ታች አጥሩ ሥር ተከምሮ አገኘሁት። ሣሩ አልቋል በምትለው መሬት ላይ እንኳ የቀረችው ሥር አፈሩን ይዛልሃለች፤ ማረሻ እሷን ነው የሚበጥሳት።

ማሽኑ ኖ-ቲል ድሪል ይባላል። ከፊቱ ያለው ክብ ስለት መሬቱን ሰንጥቆ ቀጭን መስመር ይከፍታል፣ ዘሩ በቱቦ ይወርዳል፣ ከኋላ ያለው ጎማ ተጭኖ ይዘጋዋል። በመስመሮቹ መሀል ያለው ሣር አይነካም። ዋጋው ለእኔና ለአንተ የሚቀመስ ስላልሆነ ብዙ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ዲስትሪክቶች ገዝተው በኤከር ያከራዩታል። የመጀመሪያው ዲስትሪክት የ1930ዎቹ የአቧራ ማዕበል ባመጣው ድንጋጤ በ1937 ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ተቋቋመ፤ ዛሬ ቨርጂኒያ ብቻ 47 አሏት። ስትደውል ዝቅተኛው ክፍያ ስንት እንደሆነና ትራክተሩ ስንት የፈረስ ጉልበት ሊኖረው እንደሚገባ ጠይቅ። የእኔ ትራክተር አልቻለችውም፤ ጎረቤቴ በራሱ ጎተተልኝ፣ እኔም ድርቆሹን ሲሰበስብ ሁለት ቀን ዋልኩለት። ያው ወንፈል ነው። መሬታችንን አንድ ላይ ስላስመዘገብን ዝቅተኛውን ክፍያም ተካፈልነው።

ወረፋውን አትናቅ። ለሣር የሚሻለው ጊዜ ከኦገስት መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር ነውና ሁሉም ሰው ማሽኑን የሚፈልገው በእነዚያው ሳምንታት ነው። በጸደይ ተመዝገብ። እስከዚያ አፈርህን አስመርምር፤ የአፈር ናሙና ሳጥኑን ከካውንቲህ የግብርና ኤክስቴንሽን ቢሮ ትወስዳለህ፣ ምርመራውን ቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ይሠራልሃል። ፒኤችህ (የአፈርህ አሲድነት መለኪያ) ከ6 በታች ከሆነ ኖራ ጨምር፤ ኖራ ደግሞ ለመሥራት ወራት ስለሚፈልግ በመዝሪያው ሳምንት ብትጨምረው አይደርስልህም። ከመዝራትህ በፊት በጎቹ የቀረውን ሣር አሳጥረው ይጋጡት፣ አለዚያ አዲሷ ቡቃያ በጥላ ታልቃለች።

አሁን ዋናው ነገር፦ ጥልቀት። የሣር ዘር ከግማሽ ኢንች በላይ ከወረደ አይወጣም፤ ሩብ ኢንች ይበቃዋል። ማሽኑ የጋራ ስለሆነ ካንተ በፊት የወሰደው ሰው ለስንዴ አስተካክሎት ሊሆን ይችላል። እኔ መጀመሪያ 20 እርምጃ ያህል አስነዳሁና አስቆምኩት፤ ተንበርክኬ መስመሩን በቢላ ገለጥኩ። ዘሩን ያገኘሁት ጣቴ ግማሽ ድረስ ከገባ በኋላ ነው። አስተካክለን እንደገና ነዳን፣ እንደገና ቆፈርኩ። አራት ጊዜ ነው ያደረግነው፣ ሜዳው ላይ ለብቻ፣ ቁልቁለቱ ላይ ለብቻ፤ አፈሩ ስለሚለያይ። የማሽኑ ስለት መሬት ውስጥ እያለ ደግሞ ወደ ኋላ አትንዳ፣ ቱቦዎቹ በአፈር ይደፈናሉ። መስመሮቹን ቁልቁለቱን አቋርጠህ አውጣቸው፤ እያንዳንዷ መስመር ውሃውን ትንሽ ትገታልሃለች።

እኔ ኦርቻርድግራስ የሚባል የግጦሽ ሣርና ነጭ ክሎቨር ዘራሁ። ክሎቨር የአገራችን ማገጥ ዘመድ ነው፤ ሳየው ደስ ይለኛል፣ ለሣሩም ናይትሮጅን ያመጣለታል። ትንሹ ዘር የራሱ ሳጥን አለው፣ ከትልቁ ጋር አታደባልቀው።

በጎቹን ቶሎ አትመልስ። አንድ ቡቃያ በእጅህ ጨብጠህ ሳብ፤ ከነሥሩ ከወጣ ገና ነው፣ ቅጠሉ ብቻ ከተበጠሰ ደርሷል። የእኔ እስከ ጸደይ ቆየ። ጎርፉ ቦይ አድርጎ የቆረጠውን ቦታ ግን ማሽኑ አያድነውም፤ አጥርበትና የዲስትሪክቱን ባለሙያ ጥራው። የወጪ መጋራት ድጋፍ (ከወጪህ ከፊሉን የሚሸፍን) ካላቸው ማመልከቻህ ሳይጸድቅ ሥራ አትጀምር፣ ቀድሞ ለተጀመረ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ አይከፍሉም።

የአፈር ውጤትህ ሲመጣ ላክልኝ፣ ኖራውን አብረን እናሰላዋለን።