ትልቁ ሞተር ብስክሌቴ ከባሕር ዳር ስመለስ ቤንዚን ለምን ይበዛበታል?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፣ የምኖረው ጎንደር ነው። ለረጅም ጉዞ የተሠራ፣ ባለ ስድስት ሲሊንደርና 1,800 ሲሲ ገደማ የሆነ ባለ ኢንጄክሽን ሞተር ብስክሌት አለኝ። ባለቤቴን ከኋላ አስቀምጬ፣ የጎን ሣጥኖቹን ሞልቼ ወደ ባሕር ዳር ስወርድ በ100 ኪሎ ሜትር 5 ሊትር ተኩል ገደማ ይፈጃል፤ ስመለስ ግን 6 ሊትር ተኩል ይደርሳል። ወደ ደባርቅ ስወጣም እንዲሁ ይበዛበታል። መካኒኬ «የጎንደር ከፍታ ነው፤ ኢንጄክተሮቹ ተፈትተው መታጠብ አለባቸው» ይለኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?
ስማቸው እንዳይጠቀስ የጠየቁ አንባቢ፣ ከጎንደር

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ለጊዜው ምንም ነገር አያስፈቱ። ኢንጄክተሮቹ ቆሽሸው ቢሆን ኖሮ አቅጣጫ ሳይመርጡ ሲሄዱም ሲመለሱም ያስቸግሩዎት ነበር፤ ሲሄድ በልኩ፣ ሲመለስ ግን አብዝቶ የሚፈጅ ሞተር ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ መንገዱ፣ ነፋሱና የነጂው ፍጥነት ነው።

በመጀመሪያ ዳገቱን እናስላ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ሞተር ብስክሌቱ፣ እርስዎ፣ ባለቤትዎና ጓዛችሁ በድምሩ 550 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ ብንል፣ አንድ ሊትር ቤንዚን ከሚይዘው 32 ሜጋ ጁል ገደማ ጉልበት ውስጥም ሞተሩ ሩቡን ብቻ ወደ ሥራ ይለውጣል ብንል፣ ይህን ሁሉ ክብደት በከፍታ ልዩነቱ ልክ ወደ ላይ ለማውጣት የሚያስፈልገው ቤንዚን ሩብ ሊትር እንኳ አይሞላም። ሲወርዱ የሚቆጥቡትን ያህል ብንጨምርበትም ግማሽ ሊትር አይደርስም። በ180 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ የእርስዎ ልዩነት ግን ወደ 2 ሊትር የሚጠጋ ነው። ስለዚህ ከባሕር ዳር መልስ ዳገቱ ጥቂቱን እንጂ ዋናውን አያስረዳም። ደባርቅ ከጎንደር በ700 ሜትር ገደማ ስለምትበልጥ፣ ወደዚያ ሲወጡ በ100 ኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር ያህል ቢጨምርብዎ ተገቢ ነው፤ ከመተማ ወደ ጎንደር የሚወጣ ሰው ደግሞ ለዳገቱ ብቻ አንድ ሊትር ገደማ ይከፍላል።

ዋናው ፈጂ ነፋስ ነው። ሞተር ብስክሌት፣ ትልቅ የነፋስ መከላከያ መስተዋትና ሁለት የጎን ሣጥን ሲኖረው ደግሞ በተለይ፣ አየርን ለመሰንጠቅ ከመኪና የባሰ ቅርጽ አለው። የአየሩ ግፊት ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር በዚያው ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ ከ80 ወደ 110 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲያሳድጉ ግፊቱ እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። በዚህ ላይ ነፋሱ ራሱ አለ፤ በ90 እየነዱ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከፊት ቢመጣብዎ በ110 የሚነዱ ያህል ይገፋዎታል፣ ከኋላ ቢያግዝዎ ግን በ70 እንደመሄድ ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ወደ ሁለት እጥፍ ተኩል ይጠጋል። በወረታና በአዲስ ዘመን በኩል ያለው የፎገራ ሜዳ ለጥ ያለ ስለሆነ ነጂው ሳይታወቀው ፍጥነት የሚጨምረው እዚያ ነው፤ ወደ ቤት ሲመለሱ መቸኮልም የሰው ጠባይ ነው። በሚቀጥለው መልስ ጉዞዎ ከ90 ሳያልፉ ይሞክሩት፤ ከማንኛውም ጥገና ይልቅ ይህ የሚበልጥ ውጤት ይሰጥዎታል ብለን በሙሉ ልብ እንናገራለን።

መካኒክዎ ከፍታውን ማንሳታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በካርቡራተር የሚሠራ ሞተር በሳሳ አየር ውስጥ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። ባለ ኢንጄክሽን ሞተር ግን የአየሩን መጠን በሴንሰር እየለካ ቤንዚኑን ያስተካክላል። የጎንደር አየር ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ስለሆነ የሞተሩ ጉልበት በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ ይሁን እንጂ ያው የሳሳ አየር የሚገፋዎትም በዚያው ልክ ያነሰ ነው። ጉልበት ማነስና ቤንዚን መብዛት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ብዙ ሰው አይለይም።

አለካኩም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሞተር ብስክሌቱን ቀጥ አድርገው አቁመው፣ ቢቻል በዚያው ማደያ፣ እስከ አንድ ምልክት ይሙሉ፤ በጎን መቆሚያው ላይ አጋድሎ ከተሞላ ልኩ ይዛባል። የአንድ ጊዜ ሙሌት ስለሚያሳስት የበርካታ ሙሌቶችን ሊትር ደምረው ለጠቅላላው ኪሎ ሜትር ያካፍሉ። የከተማውን ጉዞ ከረጅሙ ይለዩ፤ ከማራኪ ፒያሳ ደርሶ መመለስ፣ ሞተሩ ሳይሞቅና በባጃጅ መካከል እየቆሙ ስለሆነ፣ ሁልጊዜም ብዙ ይፈጃል። የጥምቀት ሰሞን የለኩትን ጭራሽ አይቁጠሩት።

ከዚህ በኋላም ልዩነቱ ካልጠበበ ወደ ጥገናው ይሂዱ፤ ግን ከቀላሉ ይጀምሩ። የጎማውን ነፋስ ጠዋት ሳይነዱ ያስለኩ፤ በእንዲህ ዓይነት ሞተሮች ብዙ ጊዜ የፊቱ 36፣ የኋላው 41 ፒኤስአይ አካባቢ ስለሆነ ጎሚስታው በግምት እንዳይሞላልዎ፣ የእርስዎን ትክክለኛ ልክ ከመመሪያው መጽሐፍ ይዘው ይሂዱ። ቀጥሎ ጎማዎቹን ከመሬት አስነሥተው በእጅ ያሽከርክሩ፤ ፍሬኑ ይዞ የሚቀር ከሆነ እዚያው ይታወቃል። በኮረኮንች መንገድ የሚሄዱ ከሆነ የአየር ፊልትሮውን ይዩት። ኢንጄክተሩ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ነው።

ጥያቄ፦ በሊማሊሞ ቁልቁለት ማርሽ ነጻ አድርጌ ብወርድ ቤንዚን እቆጥባለሁ?
ከደባርቅ

መልስ፦ አይቆጥቡም፤ አደጋውም ከባድ ነው። ባለ ኢንጄክሽን ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ ነዳጅ መስጫው ሙሉ በሙሉ ሲለቀቅ ቤንዚኑን ይቆርጣል፤ ነጻ ሲሆን ግን እንዳይጠፋ ብሎ ይበላል። ከዚህም በላይ ያን ሁሉ ኩርባ በፍሬን ብቻ ከተያዘ ፍሬኑ ይግልና መያዝ ያቅተዋል። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ ሲወርዱ ኩርባው ከመድረሱ በፊት ማርሹን ቀንሰው ሞተሩ እንዲይዝዎ ያድርጉ።