ባሩድ ይሉኝታ አያውቅም

ቨርጂኒያ ከገባሁ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ሽጉጥ የገዛ ያገሬ ልጅ ብዙ አይቻለሁ። አሁን ደግሞ ጥይትን እቤት መሙላት መጥቷል፤ የተተኮሰ ባዶ ቀለህ ላይ አዲስ ባሩድና አረር በማሽን እየገጠሙ ማለት ነው። በዚህ ዓመት ብቻ ሦስት ልጆች ደውለው "ጋሼ፣ ማሽኑን የት ልግዛ?" አሉኝ። ማሽኑን ማንም ይሸጥልሃል። እኔ የምነግርህ ሻጩ የማይነግርህን ነው።

1. ወረቀት

ለራስህ ብቻ የምትሞላ ከሆነ የፌዴራል ፈቃድ አያስፈልግህም፤ ሞልተህ ልትሸጥ ካሰብክ ያስፈልግሃል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለህ ከሆነ በአብዛኛው ጥይት መያዝም አይፈቀድልህም፣ እዚህ ላይ ማንበብህን አቁም። ዲሲ የምትሠራ ደግሞ ልብ በል። የፖቶማክን ወንዝ ስትሻገር ሕጉ ይለወጣል፤ የተመዘገበ መሣሪያ ሳይኖርህ ጥይት መያዝ ብቻውን እዚያ ወንጀል ነው። መኪናህ ውስጥ የረሳሃት አንዲት ሳጥን መዘዝ ታመጣብሃለች።

2. ገንዘቡ

"ይቆጥባል" ይሉሃል። ሂሳቡ እውነትም ያጓጓል። ባሩድ የሚመዘነው በግሬይን ነው፤ አንድ ፓውንድ 7,000 ግሬይን ነው። አንድ የ9 ሚሊሜትር ጥይት የሚወስደው አራት አምስት ግሬይን ነው። ከአንድ ቆርቆሮ ከ1,000 በላይ ጥይት ይወጣል ማለት ነው። ቀለሁን ከተኩስ ሜዳ ትለቅማለህ፣ ፕራይመር (ባሩዱን የሚለኩሰውን) እና አረር ትገዛለህ፣ አለቀ። እውነቱን ልንገርህ? አትቆጥብም። በዚያው ገንዘብ አብዝተህ ትተኩሳለህ እንጂ። አያቶቻችን የውጅግራ ጥይት ገበያ ላይ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይቀባበሉ ነበር፤ እኛ ገንዘቡን ወደ ጥይት እንለውጣለን። እናቴ ለጣራ ማደሻ የጠየቀችኝን ሁለት ወር አዘግይቼ ነው የመጀመሪያውን ማሽን የገዛሁት። ክረምቱ ገባባት።

3. ባሩድና ሚዛን

ጠረጴዛ ላይ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ባሩድ ብቻ ይኑር። ስትጨርስ የተረፈውን ወደ ራሱ ቆርቆሮ መልስ። በርበሬ የነበረበት ብልቃጥ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው አውቃለሁ! ብዙ ባሩድ መልኩ ይመሳሰላል፣ ጉልበቱ ግን ለየቅል ነው። ስሙ የጠፋ ባሩድ አይሞላም።

ሚዛንህን ከመጀመርህ በፊት ዜሮ አድርግ፣ ክብደቱ በሚታወቅ መመዘኛም ፈትሽ። መሃል ላይ ድገመው። ኤሲው ቢነፍስበት እንኳ ይዋሻል።

መጠኑን ከጓደኛ አትጠይቅ፣ ከመመሪያ መጽሐፍ ውሰድ። የአረሩ ክብደትና ዓይነት አንተ ከያዝከው ጋር አንድ መሆኑን እይ። ከትንሹ ጀምር። ከትልቁ የሚጀምር ሰው በርበሬ ሳይቀምስ ወጥ ላይ እንደሚገለብጥ ሰው ነው። በተለይ 9 ሚሊሜትር ላይ አረሩን ከተጻፈው ርዝመት በላይ ወደ ውስጥ ከገፋኸው፣ ባሩዱ ሳይጨመር ግፊቱ ያሻቅባል።

አሁን ዋናው። የ.38 ስፔሻል (የሪቮልቨር ጥይት ነው) ቀለህ ሥሩ ከጥቁር ባሩድ ዘመን ስለሆነ ሆዱ ሰፊ ነው። የዛሬው ፈጣን ባሩድ ታቹን ብቻ ይሸፍናል። ሁለት ጊዜ ብትጨምርበትም አረሩ ጥሩ አድርጎ ይገባል፣ ከውጭ ምንም አይታይም። ስለዚህ ከመጽሐፉ ውስጥ ብዙ ቦታ የሚይዘውን ባሩድ ምረጥ። ከግማሽ በላይ የሚሞላ ከሆነ፣ ሁለተኛው ዙር ፈስሶ ራሱ ያጋልጥሃል። አረር ከመግጠምህ በፊት ሁሉንም ቀለህ መደርደሪያው ላይ አቁመህ በባትሪ አንድ በአንድ እይ። የአንዷ ባሩድ ከጎረቤቷ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ መልሰህ ድፋት።

4. ይሉኝታ

እዚህ ጋ ነው የምናደደው። ማናችንም በባሩድ አለማወቅ አይደለም የምንጎዳው። "ይቀየሙኛል" ስንል ነው።

የእኔ ጠረጴዛ ቤዝመንት ነበር። ከሁለተኛው ሥራ ስወጣ ሌሊት ነው፣ አገር ቤት ግን ነግቷል። ስልኩ ጮኸ። ደሴ ያለችው እህቴ ናት። ካላነሣሁ "ረሳኸን" ትላለች። አነሣሁ። ስልኩን በትከሻዬ ይዤ፣ በእጄ ባሩድ መስፈር ቀጠልኩ። ስለ አጥር ክርክር ሃያ ደቂቃ አወራን። ስዘጋ የትኛው ቀለህ ላይ እንደቆምኩ ጠፋኝ። ያን ጊዜ ሁሉንም ደፍቶ እንደገና መጀመር ነበር። እንቅልፌ መጥቶ ነበር። ከላይ ከላይ አይቼ አረሩን ገጠምኩበት።

ቅዳሜ ጓደኛዬ ተኩስ ሜዳ መጣ። "ካንተ ሃምሳ ስጠኝ፣ ያንተ ጥይት እጅ አይመታም" አለኝ። ለሌላ ሰው ጥይት እንደማይሰጥ አውቅ ነበር። አብሮኝ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ነው፤ እንዴት እምቢ ይባላል? ሰጠሁት።

አምስተኛዋ ተኩስ ድምፅዋ ሌላ ነበር። ዞር ስል የሪቮልቨሩ ሲሊንደር (ጥይት የሚጎርሰው ተሽከርካሪው ክፍል) ሦስት ጎሬው ተገንጥሏል፣ ላይኛው ብረት እንደ ቀስት ጎብጧል። እሱ ቀኝ እጁን በግራው ይዞ ዝም ብሎ ያየዋል። ደም ገና አልመጣም ነበር።

ስለዚህ ስልክህን ላይኛው ፎቅ ተወው። እናትህ ብትሆንም ነገ ትደውልላታለህ። እንግዳ ቡና ይዞ ሊያወራህ ከወረደ፣ ባሩዱን ወደ ቆርቆሮው መልሰህ ከሱ ጋር ጠጣ። ደክሞህ አትቀመጥ፤ ሁለት ሥራ ያለው ሰው ሰኞ ሌሊት ምን ይሞላል? የሞላኸውን ለማንም አትስጥ፣ ለወንድምህም። ቢቀየም ይቀየም። ስትተኩስ አንዷ "ፒስ" ብላ ከቀረች ደግሞ ተራ የሚጠብቅ ሰው አለ ብለህ ቃታውን አትድገም፤ አረሩ አፈሙዙ ውስጥ ቆሞ ይሆናል። አራግፈህ እይ።

የምግብ ጠረጴዛ ላይም አትሥራ። ያገለገለ ቀለህ አቧራው እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አለበት። እኛ በእጃችን የምንበላ፣ ልጆቻችንን በእጃችን የምናጎርስ ሰዎች ነን። በሳሙና ታጠብ፣ ልብስህን ቀይር፣ ከዚያ ወደ ልጆቹ ውጣ።

ጓደኛዬ ለፋሲካ ቤቴ ነበር። እንደ ልማዱ ዶሮውን ጠቅልሎ አጎረሰኝ። ሌባ ጣቱ አይታጠፍም፣ ቀጥ ብሎ ጉንጬን ነካኝ። ይኸው ስድስት ዓመቱ፣ አንድ ቀን አልወቀሰኝም። እሱንም ይሉኝታ ይዞት ይመስለኛል።