ዘውድ የደፋችው «ደብልዩ»

ልጆቼ፣ የኔዘርላንድ አሮጌ ብር ስጠግን ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ፤ ዛሬም የሚቆጨኝ ግን አንድ ማንኪያ ነው። ገና ጀማሪ ሳለሁ አንዲት አዛውንት ከእናታቸው የወረሱትን የሾርባ ማንኪያ አመጡልኝ። በእጀታው ጀርባ ዘውድ የደፋች «ደብልዩ» ተቀርጻበታለች። ጥቁረቱን ላስለቅቅ ብዬ በሚሽከረከር ብሩሽ ወለወልኩት፤ እንደ መስተዋት አበራ። ሴትዮዋ ሊወስዱት ሲመጡ በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አደረጉትና «ለመሆኑ የየትኛው ንጉሥ ነው?» አሉኝ። አጉሊ መነጽሬን አንስቼ ባይ፣ የዓመቱ ፊደል ተፍቆ ጠፍቷል።

የኔዘርላንድ ነገሥታት ቪለም ቀዳማዊ፣ ዳግማዊና ሣልሳዊ፣ ከእነሱም በኋላ እ.ኤ.አ. ከ1890 እስከ 1948 የነገሠችው ቪልሄልሚና፣ የአራቱም ስም የሚጀምረው በዚያችው ፊደል ነው። ዘመኑን የምትነግረን የሩዝ ፍሬ የማታክል ማህተም ነበረች፤ እሷን በገዛ እጄ አጠፋኋት።

ስለዚህ ጨርቅ ከማንሳታችሁ በፊት ማህተሞቹን አንብቡ። እ.ኤ.አ. ከ1814 እስከ 1953 ድረስ፣ ከጥቃቅኖቹ በቀር፣ በዕቃዎቹ ላይ አንበሳ አለ፦ 1 ቁጥር ያለበት ከ1000 እጅ 934ቱ ንጹሕ ብር ነው፣ 2 ያለበት 833ቱ። አጠገቡ የሮማውያን አምላክ የነበረችውን የሚነርቫን ራስ፣ የአንጥረኛውን ምልክትና የዓመቱን ፊደል ፈልጉ። መብራቱን ከላይ ሳይሆን ከጎን አብሩት፤ የደበዘዘው መስመር በጥላው ይታያል። ፎቶም አንሱት።

ዘውድ ስላያችሁ ብቻ ግን ዕቃውን ቤተ መንግሥት አታስገቡት። መኳንንቱም በዕቃቸው ላይ ዘውድ ያስቀርጹ ነበር። እንደ ፋን ኬምፐንና ቤኸር ያለ «ንጉሣዊ» የሚል ማዕረግ ያገኘ የብር ዕቃ ሠሪ ድርጅትም የሸጠው ማንኪያ ሁሉ ከንግሥቲቱ ገበታ አልቀረበም። ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደ ተላለፈ የሚያሳይ ወረቀት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ከቪልሄልሚና ልጅ ከንግሥት ዩሊያና ውርስ ብዙ ዕቃ አምስተርዳም ውስጥ ሶዝቢስ በተባለው አጫራች ድርጅት ተሸጧል፤ ከዚያ የመጣ ዕቃ ሥር የተለጠፈ ቁጥር ካገኛችሁ፣ ቢቆሽሽም ቢቀደድም፣ እባካችሁ አትላጡት።

የማንኪያ ጫፍ በግራ በኩል ተበልቶ ብታዩም አታስተካክሉት። በቀኝ እጃቸው ሲበሉ የኖሩ ሰዎች ከሳህን ጋር ያፋተጉት ነው።

ሴትዮዋ አልተቆጡኝም። ማንኪያውን በመሐረባቸው ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና «እናቴ ታውቅ ነበር» ብለው ወጡ።