አጭር የሥነ ምግብ ኮርስ አማካሪ ያደርገኛል?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ በአንድ ሆቴል ምግብ አብሳይ ነኝ። በምግብ ዝግጅት ደረጃ 3 አለኝ። በኢንተርኔት የሚሰጥ አጭር የሥነ ምግብ ኮርስ ብወስድ የስኳር ሕመም ያለባቸውን ደንበኞች ማማከር እችላለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ኮርሱን ውሰጂው፤ ሕሙማን ማማከሩን ግን ተዪው። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው በአንቺ ቃል እንጀራውን በድንገት ቢቀንስ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። በአጭር ኮርስ የሚገኝ ምስክር ወረቀት መማርሽን እንጂ ለማከም መፈቀድሽን አያሳይም።

ኮርሱ ከአንድ ግራም ስብ 9፣ ከአንድ ግራም ፕሮቲን ወይም ካርቦሃይድሬት 4 ኪሎ ካሎሪ እንደሚገኝ ያስተምርሻል። ጥሩ ነው፤ ይበልጥ የሚጠቅምሽ ግን ትምህርቱን ከምታበስዪው ምግብ ጋር ማገናኘት ነው። ቆጮ ጉልበት ይሰጣል፣ ፕሮቲኑ ግን አነስተኛ ነው፤ ከቦሎቄ፣ ከወተት ወይም ከሐይቁ ዓሣ ጋር ሲቀርብ ጉድለቱ ይሞላል። በምስርና በጎመን ውስጥ ያለው ብረት ሎሚ ወይም ቲማቲም ሲታከልበት ሰውነት በደንብ ይወስደዋል። ከምግብ ጋር የሚጠጣ ቡና ደግሞ ሰውነት ይህንኑ ብረት በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋል፤ የቡና ወዳጆች አይቀየሙኝ፣ ትንሽ ቆይተው ይጠጡ። አዮዲን ያለውን ጨው ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሪው፤ ብዙ ሲፈላ አዮዲኑ ይቀንሳል። ይህን ለሥራ ባልደረቦችሽ በማስረዳት ጀምሪ፤ ለዚህ የማንም ፈቃድ አያስፈልግሽም።

ሙያው ራሱ ብዙዎች ከሚያስቡት የተለየ ነው። በሀገራችን የሥነ ምግብ ባለሙያ ዋና ሥራ ክብደት ማስቀነስ ሳይሆን እናቶችና ሕፃናት ናቸው። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሰቆጣ ቃል ኪዳንን ሲገባ ያለመው ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር፣ ማለትም በምግብ እጥረት ለዕድሜ የሚመጥን ቁመት አለማግኘትን፣ ማስቀረት ነበር። በጤና ጣቢያ የሕፃን ክንድ በሜትር ሲለካ አይተሽ ይሆናል። ከ6 እስከ 59 ወር ባለ ሕፃን ልኬቱ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ አጣዳፊና ከባድ የምግብ እጥረት ማለት ነው። ቀልብሽ ወደዚህ ካዘነበለ በሥነ ምግብ ዲግሪ መማር ይሻልሻል፤ ካልሆነም የሆቴሉን የምግብ ዝርዝር የሚያስተካክል አብሳይ መሆን የሚናቅ ሥራ አይደለም።

ለዲግሪው ሩቅ አትሂጂ። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ምግብን ያስተምራል። በደረጃሽና በሥራ ልምድሽ ምን መንገድ እንዳለሽ ሬጅስትራሩን ጠይቂ። ስትሄጂ የብቃት ማረጋገጫሽን ዋናውን ያዢ፤ ኮፒ ብቻ ይዞ የሄደ ሰው ተመልሶ መሰለፉ አይቀርም።